የጋሽ ታምራት ጓንት

እኔ የምሠራው በሰው አገር፣ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ድርጅት ዋና ቢሮ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ቦርዱ የአለቆቹን ቦነስ ከሠራተኛ ደህንነት ጋር አሰረው፤ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ከተጎዳ ቦነስ የለም። የጉዳት ሪፖርቱን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ለሠራተኛው ሊጠነቀቁ ነው ብዬ!

ባለፈው ለሪፖርቱ ፋብሪካ ወረድኩ። እዚያ ማሽን ላይ የሚሠሩ ጋሽ ታምራት የሚባሉ ያገሬ ሰው አሉ፤ ሁልጊዜ እጄን ጥብቅ አድርገው ጨብጠው፣ ጉንጬን ሳይስሙ አይለቁኝም። ያን ቀን ግን የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝ። ግሪስ ነክቷቸው ይሆናል ብዬ አንጓቸውን ጨበጥኩ። ዝቅ ብዬ ጓንታቸውን ሳይ ግን ሁለቱ ጣቶቹ ባዶ ናቸው፤ ጨርቁ ብቻ ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ! ምን ሆነው ነው?"

"ዝም በይ፣ ልጄ" አሉኝ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። "ማሽኑ ነው። በራሴ ገንዘብ ታክሜያለሁ። ከጻፍሽው እኔንም ያባርሩኛል፣ ያንቺም ወርክ ፐርሚት አይታደስም።"

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። "ዘንድሮ ዜሮ ጉዳት ነው፣ አይደል?" አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አዎ፣ ዜሮ ነው" አልኩት። "ሆንጌራ!" ብሎ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ሳይታወቀኝ የሰጠሁት፣ ልክ እንደ ጋሽ ታምራት፣ የእጄን አንጓ ነበር። አንጓዬን እንደያዘ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ፋብሪካ ማንን አገኘሽ?" አለኝ።