ማከማቻው ጢም ብሎ የሞላ ቀን

እስኪ ብርጭቆ ያልያዛችሁ ቶሎ ቅዱ፤ እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማልችልበት ብዙ አልቆይም።

ወይዘሮ ሩክሳንድራ፣ መጀመሪያ ቲሚሾአራ ከተማ ወዳለው ቢሯችን የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል? ገና ካፖርትዎን ሳያወልቁ ዳይሬክተራችንን ዶክተር ቲቤሪዩን፣ "ስንት ቦታ ቀርቷችኋል?" አሏቸው። እሳቸውም ደንግጠው፣ "ኧረ ቦታ ሞልቷል! ወንበር አምጡላቸው!" አሉ። ለካ እርስዎ የጠየቁት የበሽተኞቻችን ሰነድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበትን ማከማቻ ኖሯል። የተቀጠሩትም እሱን ሊቆጣጠሩልን ነው፤ እሱማ እውነትም ሊሞላ ነበር!

ያኔ ቤት ለቤት እየዞርን በሽተኛ የምንረዳ አንድ እፍኝ ሰዎች ነበርን። አሁን ሉጎጅና ሬሺጻ ከተሞችም ቅርንጫፍ አለን። ሰው ሲጨምር ሰነዱ ይጨምራል፤ ማከማቻው ግን በተገዛው ልክ ነው። ማከማቻው ሊሞላ መሆኑን የሚነግርዎ ቀይ ምልክት ኮምፒውተርዎ ላይ ብቅ ሲል ራስዎን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ሲመላለሱ፣ እኛ ሥራ የበዛብን መስለን እናጎነብሳለን። ሚሬል፣ አትደበቅ! "የልጅህ የክርስትና ቪዲዮ ከቁስል እንክብካቤ ሰነድ ጋር ምን ይሠራል?" ሲሉህ፣ "ውይ ተመስገን! ሚስቴ ስትፈልገው ከረመች" ያልከው አንተ አይደለህም?

ያን የመጋቢት ጠዋት ግን ማንም አልሳቀም። ሬሺጻን የከፈትን ሰሞን ማከማቻው ጢም ብሎ ሞላ። ዶክተር ቲቤሪዩ የበሽተኛችን የአባባ ሴቬር የኩላሊት ውጤት አስደንግጧቸው፣ ደም እንዳይፈሳቸው የደም ማቅጠኛ መርፌያቸው እንዲቆም ጽፈው ነበር። ትእዛዙ ግን ቦታ ስለሌለ አልገባም። ነርሳችን ቪዮሪካ አባባ ሴቬር መንደር ሆና ስልኳን ስትከፍት የሚታያት የድሮው ትእዛዝ ነው። እርስዎ መሙላቱን እንዳዩ ዶክተሩ ክፍል ሮጠው ገቡ። "ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ የጻፉትን በቃል ይንገሩኝ!" አሏቸው። የአባባ ሴቬር ስም ሲጠራ የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

ቪዮሪካ ጋ ደወልን፤ አይሠራም። ደገምን፤ አይሠራም። አንዱ፣ "የቆየውን ሁሉ ሰርዙና ቦታ ይገኝ!" ብሎ ጮኸ። እርስዎ ግን፣ "የማላውቀውን አልሰርዝም! ነገ ለሌላ በሽተኛ ልንጮህ ነው? ይልቅ የሽማግሌውን ጎረቤት ፈልጉልኝ!" አሉ። ጎረቤቲቱ ተገኘች። ስልኩ እንደተከፈተ ስትሮጥ፣ ውሻ ሲጮህ፣ በር ሲደበደብ ሰማን። እኔ ጸሎት ጠፍቶኝ የቤቴን አድራሻ እደግም ነበር።

"ምን ሆናችሁ? መርፌው እኮ እጄ ላይ ነው!" አለች ቪዮሪካ በጎረቤቲቱ ስልክ።

"አስቀምጪው፣ ልጄ። አስቀምጪውና ዶክተሩን ስሚ" አሏት እርስዎ፤ ከዚያም ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አባባ ሴቬር ይኸው በሕይወት አሉ። የያዛችሁትን የፕለም ፍሬ አረቄ የላኩልን እሳቸው ናቸው።

ለየክፍሉ የማከማቻ ድርሻ የሰጡን፣ ሳይሞላ ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰን ያደረጉት፣ የቆየውን ሰነድ ባለቤቱን እየጠየቁ ወደ ሌላ ማከማቻ ያዛወሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኛ ደግሞ "ንፉግ" እያልን አማንዎት። ይቅር ይበሉን።

እርስዎ ጡረታ ሲወጡ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሥራዎን የምረከበው እኔ ነኝ። በመስከረም አራድ ከተማ ላይ ቅርንጫፍ እንከፍታለን፤ ሰነዱ እንደ ጎርፍ ይመጣል። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ትናንት፣ "እርስዎስ አይፈሩም ነበር?" ብዬ ብጠይቅዎ፣ "ሁልጊዜ እፈራለሁ። ስለምፈራም ነው ሰው የምጠይቀው" አሉኝ። ከሰጡኝ ሥልጠና ሁሉ የያዝኩት ይህንን ነው።

እናመሰግናለን፤ ስምዎን ሰምተው በማያውቁት በሽተኞቻችንም ስም። ሱሊና ከተማ እህትዎ ዘንድ ሲወርዱ የዳኑብ ወንዝ ዓሣውን ያብዛልዎ፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ ሳይደነግጡ የሚነቁበት ጠዋት ይስጥዎ።

በሉ ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ተነሡ! ለወይዘሮ ሩክሳንድራ ጤና! ኖሮክ፣ መልካም ዕድል!