የገሳዩ ሰውዬ የቁም ተስካር

ፍቅርተ ሰፌዷን ይዛ ደጃፍ የተቀመጠችው ለገብሱ ብላ ብቻ አይደለም። ለገብሱማ ጓሮው ይሻላል፤ ፀሐዩም እዚያ ነው። ደጃፉ ላይ ግን መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ባሏ ሙላቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተጋድሟል። ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገብቶ ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ሊያስወጣ ተቀጥሯል። ይሄድ እንደሆነ ብትጠይቀው ወደ ግድግዳው ዞረ። ባል ደግሞ ፊት ለፊት አይሰደብም። ስለዚህ ጎረቤቷን እመቤትን ጠርታ ድምጿን ሞቅ አደረገች።

«እንደምን ዋልሽ እመቤትዬ? ልጆቹስ ደኅና? ይሄ የጉና ንፋስ ዘንድሮ ምን ነካው እቴ! ነይ እስቲ ይሄን ገብስ እይልኝ። ጠጠር በዛበት እኮ… እኔ ደግሞ ምን አስጨነቀኝ? ጠጠር ሲገኝ ለቅሞ መጣል ነው። ለጠጠር የሚሳሳ ሰው አለ?… ያው፣ አይጠፋም።

እዚያ ገሳይ ከተማ አንድ ሰውዬ አለ አሉኝ። አንቺ አታውቂውም፤ ከየት ታውቂዋለሽ? ቆፍጣና ነው። ጀግና! ጅብ ሲጮህ ወጥቶ ያባርራል፤ ሚስቱ ባትሪ ይዛለት… ከፊት ከፊት።

ይሄን ጀግና ሆዱን አመመው። ዶክተሯ መርምራ ሐሞትህ ጠጠር ይዟል፣ ይውጣልህ አለችው። በትንሽ ቀዳዳ ነው፣ ብዙም አትተኛም አለችው። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ሳልዘጋጅ አልገባም!› አስተዋይ አይደል? ሌላው ሆስፒታል ሲገባ አንሶላና ቴርሞስ ያዘጋጃል። እሱ ያዘጋጀው… የቁም ተስካር!

ነውር የለውም እኮ፣ የአገር ወግ ነው። ወራሽ የሌላቸው አዛውንት ‹ስሞት ማን ያወጣልኛል› ብለው በሕይወት ሳሉ ይደግሳሉ። ይሄ ግን ልጆቹ ዙሪያውን ከበውት፣ ጥርሱ አንድ ሳይጎድል!…»

እመቤት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ግቢ፣ በዚያው ተስካር ላይ ወጥ ስታወጣ የዋለችው እሷው ነበረች።

«ካህናቱ ጸለዩለት፤ ይሁን። አልቃሿንም አስጠራት! ‹የዚያን ቀን የምትይውን እስቲ አሁን አሰሚኝ› አላት። ለቆመ ሰው ሙሾ አይወጣም ብትለው ‹ግድ የለሽም› አለ። አወረደችው። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ አዳመጠ… ‹ጅቡን ረሳሽው!› ብሎ አረማት። እንዲህ ነቃ ያለ ሟች አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከዚያ በሬው ታረደ። ዶክተሯ ጮማ እንዳትነካ ብላዋለች። እሱ ደግሞ እንግዳ አክባሪ ነው፤ እኔ ሳልበላ ማን ደፍሮ ይበላል አለ። በላላቸው፣ ነፍሴ! ድንኳኑ ሳይነቀል ሆዱን ይዞ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። የገዛ ተስካሩን በልቶ የታመመ፣ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም…»

እመቤት በሳቅ ስትንፈራፈር ሰፌዱን ገጨችውና ገብሱ ተበተነ። ፍቅርተም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባው ግን ሁሉም የሳቅ አልነበረም። ዶክተሯ ለብቻዋ ጠርታ፣ ከረጢቱ መግል ቋጥሮ ከፈነዳ ነፍሱን ማትረፍ ይከብደናል ብላታለች። ፍቅርተ ፈርታለች፤ ያንን ጅብ አባራሪዋን ትወደዋለች። ገብሱን እየሰበሰበች ድምጿን ወደ መስኮቱ መለሰችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አይደል? የገሳዩ ግን በሽታውን መች ደበቀ? አገር ጠርቶ አሳየ እንጂ! የሚደበቀው ከመድኃኒቱ ነው። ‹ፈሪ ለናቱ› ይሉስ የለ? እናቱ ካረፉ ስንት ዘመናቸው… ታዲያ አሁን ለማን ሊሆን ነው?

ሚስቱ ሁለት ጊዜ ሆዷን ተቀድዳ ነው አሉ የወለደችለት። ተስካር አልደገሰች፣ አልቃሽ አልጠራች፣ ዝም ብላ ገብታ ልጅ ታቅፋ ወጣች። ምን ዓይነት ዝርክርክ ሴት ናት፣ በይ!»

አልጋው ሲጥ አለ። ቀጥሎ የሙላቴ እጅ አልጋ ሥር ጫማ ሲዳብስ ተሰማ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ዝም ትል ነበር። ፍቅርተ ግን ሰውዋን ታውቀዋለች፤ አንዱን እግር አጥልቆ ተመልሶ ይተኛል። ሰፌዷን አስቀመጠችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ብቻ እግዜር ይስጠው፣ እመቤትዬ! ለሚስቱ እንዲህ የሚያስብ ባል ከየት ይገኛል? ሌላዋ ባሏ የሞተ ዕለት በሬ ፍለጋ፣ አልቃሽ ፍለጋ ትንከራተታለች። የእሷው በሬውን አርዶላት፣ ካህናቱን አብልቶላት፣ ሙሾውን አርሞላት… የቀረው ሬሳው ብቻ ነው። እሱንም ይኸው ጋቢ ለብሶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ እያሰናዳላት ነው። የጀመረውን በሰላም ያስፈጽመው! አሜን በይ እንጂ!»