አሥራ ሦስት ሰው በጫፉ ላይ

ጊቲዬ፣ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ እንጂ። ስኳሯን በጥርስሽ ያዝ አድርጊ... እንዲህ። ይኼ የዳርባንድ ሻይ ቤት ዛሬ ደስ አይልም? ወንዙ ከመደባችን ሥር እንዲህ ሲንሿሿ፣ የሰው ወሬ ጎረቤት መደብ አይደርስም። ይደርሳል እንዴ? እዚያ ማዶ ለተራራ ወጪ ቡድናችን ሻይ የሚቀዳው መሪያችን እንኳ የሚሰማን አይመስለኝም። ቢሰማስ ደግሞ ምን አለበት? የማወራው ምስጋናውን ነው።

ባለፈው ዓርብ ስላልነበርሽ ቆጨኝ። የቶቻልን ተራራ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ወጣነው፣ ታምኛለሽ? ሌሎቹ ቡድኖች ስድስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እነሱማ ምን ያድርጉ፣ በደካማው ሰው እርምጃ ነዋ የሚሄዱት! ደንቡን ታውቂው የለ፤ ደካማው ከመሪው ቀጥሎ ይሄዳል፣ ሁሉም በሱ ልክ ይራመዳል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጠንካራ ሰው ሆኖ ማንንም ከኋላው አያስቀርም። የድሮ ሰው ደንብ... የኛ መሪ ግን ዘመናዊ ነው። ወይዘሮ ቁድሲን፣ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩትን፣ "መምህር፣ እርስዎ ከኋላ ቀስ ብለው፣ አየሩን እየሳቡ ይምጡ" አላቸው። እንዲህ ያለ አክብሮት ዛሬ የት ይገኛል?

መጨረሻ ላይ የምሄደው ጠንካራ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ ጀግናዋ።

ማበረታታቱንስ በሰማሽው! "በርቱ አንበሶች! የደከመው ጭንቅላታችሁ ነው እንጂ እግራችሁ አይደለም!" ድምፁ እኛ ድረስ ይመጣል። እሱ ራሱ ብቻ ነው ያልመጣው። ወይዘሮ ቁድሲ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ከኪሳቸው የደረቀ እንጆሪ አውጥተው አካፈሉኝ። "የኔ ልጅ፣ ልቤ እኮ ጫፉ ላይ ደርሷል፣ እግሬ ነው የቀረው" እያሉ ይስቃሉ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። መሪያችን ነው። "ደመና እየመጣ ነው፣ ለፎቶው ድረሺ፤ እሳቸውን ስንወርድ እንወስዳቸዋለን።" ይገርምሻል፣ ያለኔ ፎቶ መነሳት አልፈለገም! ባሌም እንዲህ አስቦልኝ አያውቅ። እኔም "እዚሁ ይጠብቁን" አልኳቸውና... ወጣሁ። አዎ ጊቲ፣ ትቻቸው ወጣሁ። ደስ እያለኝ ነው የወጣሁት፣ ይኼን አልደብቅሽም።

ፎቶውን አየሽው አይደል? አሥራ ሦስት ሰው፣ "አንድ ላይ ወጥተን አንድ ላይ እንወርዳለን" የሚለውን ጨርቅ ዘርግተን። መሪያችን መሃል ላይ፣ ጥርሱ ከበረዶው ይበልጥ ይነጣል። ከዚያ ነፋሱ በረታና "በአየር ላይ በሚሄደው የገመድ መኪና እንውረድ፣ ሊዘጋ ነው" አለ። ተሳፈርን። ዘፈንም ዘፈንን። እኔ እሱ ሰው የላከላቸው መሰለኝ፣ እሱ ደግሞ በገመድ መኪናው እንደምንወርድ እኔ የነገርኳቸው መሰለው። መተማመን ማለት ይኼ አይደል?

ወይዘሮ ቁድሲማ ድንጋያቸው ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቁን። ጠብቁ ተብለዋላ! በመጨረሻ አንድ በቅሎ ነጂ አግኝቷቸው አወረዳቸው። ብርዱ የመታቸው ሁለት ጣታቸው እስካሁን በድን ነው።

ይኸው ዛሬ ደግሞ ሪፖርቱን አምጥቶልኛል። እኔ እንዳልደክም ብሎ ራሱ ጽፎታል። እይው፣ ጽሕፈቱ ሲያምር፦ "ወይዘሮ ቁድሲ በገዛ ፈቃዳቸው ከመንገድ ተመለሱ፤ ለከባድ ጉዞም ብቁ አይደሉም።" የጎደለው የኋለኛዋ ሰው ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ስፈርም እሳቸው ከትልቁ ተራራ፣ ከደማቫንድ ጉዞ ይሰረዛሉ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሲዘጋጁለት የኖሩት ደማቫንድ... አዲስ ጫማ ሁሉ ገዝተው በቤት ውስጥ እያለማመዱት ነበር። ምን ታደርጊዋለሽ፣ መሪ ለቡድኑ ስም ሲል ስንቱን ይሸከማል! አንዲት ሴትዮ ብቻ ከበዱት።

ብዕር አለሽ? ተባረኪ። አይዞሽ፣ እፈርማለሁ። እሱን ማሳፈር አይሆንልኝም። ብቻ ከሥር አንዲት መስመር ልጨምርለት፦ "ወይዘሮ ቁድሲ አልተመለሱም። ጠብቁ ባልናቸው ቦታ ሲጠብቁን ነበር። ለፎቶ የጠራኝ እሱ ነው፤ ጥያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።" ይኸው። ስሜንም ጻፍኩ... በትልቁ።

መሪያችን ምነው ሻይ መቅዳቱን ተወው? ጮክ ብዬ አወራሁ እንዴ?

ይልቅ እንመርቀው ጊቲዬ። ዕድሜ ይስጠው። ስልሳውን ይሙላ፣ ሰባን ይድረስ፣ የተራራ ፍቅሩም አይብረድበት። ጉልበቱ የዛለ ዕለት ደግሞ ፈጣሪ ከፊቱ ልክ እንደ እሱ ያለ መሪ ይስጠው፤ ከኋላው እንደኔ ያለች።