ለሙከራ የጠፋችው ልጄ
ጠዋት ልጄን ሲኤምሲ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ስሜ አስገባኋት። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው ቢሮዬ ደርሼ ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ብደውል የሚያነሳ የለም። ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ እሷ ለካ ክፍሏ ቁጭ ብላ ሥዕል ትስላለች! ግቢው እንደኔ በደነገጡ ወላጆች ተሞልቷል። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ «ኢሜይሉ ደረሳችሁ አይደል? አዲሱ ፕሮግራም በራሱ መላክ መቻሉን እየሞከርን ነበር» አይለን መሰላችሁ!

«በልጆቻችን ነው የምትሞክረው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ተረጋጊ እህቴ፣ የላከው ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ፤ ኮምፒውተሩን ጎረቤት ያዘዘው ይመስል።

ከጎሮ እያለከለኩ የመጡ አንድ አያት ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ለመሆኑ አንተ ልጅ አለህ?» አሉት።

«አለኝ አባባ፤ እሱ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው።»

«ደግ አድርገሃል» አሉት።