ለታላቅ ክብር ባዶ የተተወ መልስ

እሑድ ከመካኒሳ አቦ አስቀድሼ ስመለስ ሀይሌ ጋርመንት የፉሪ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምሁ። ከፊቴ ጎረቤቴ ጋሽ ኑረዲን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ቆመዋል። ድንገት አንዲት ወጣት ቀርባ እጅ ነሳቻቸው፤ የልጆቻቸው መምህርት ትሕትና ናት።

«ጋሽ ኑረዲን፣ ልጅዎን ሀኒፋን ከትምህርት ሊያስቀሯት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትውላለች፤ በርጩማዋንም ገዝቻለሁ። ‹የመማር ፍላጎት የላትም› ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ቲቸር?»

«ጽፌአለሁ፤ ተሳስቼ ነው። ታላቅ ወንድሟ መሐሙድ አልቅሶ ነገረኝ። እሱ ክፍል ስለደገመ አሁን አብረው ይማሩ የለ? ቤት ውስጥ ሒሳቡን የምታስረዳው እሷ ናት! ፈተና ላይ ግን የምታውቀውን ባዶ ትተወዋለች፤ ታላቋን እንዳትበልጥ።»

ጋሽ ኑረዲን ደረታቸውን ነፉ። «ታዲያ ማን አሳደጋት? እኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም። ለአንዱ አስጨብጭባችሁ ሌላውን የምታሸማቅቁ እናንተ ናችሁ!»

እኔ ፊደልን በሰው ደጅ ለምኜ የለየሁ ነኝ፤ ይህች ልጅ ግን እውቀቷን እንደ ነውር ደብቃ ስትወድቅ «ጨዋ» ተብላ ልትመሰገን!

«ስለ ጭብጨባው ልክ ነዎት» አለች ትሕትና። «እኔን ያበረታኝ የነበረው ስሜ ሲጠራ ነው፤ ሁሉም ልጅ እንደኔ መሰለኝ። ሀኒፋ የምትተጋው ለቤቷ ሰው መሆኑን አላየሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ኢማሙ ሲያሰግዱ አንቀጽ ቢስቱ፣ ከኋላ ያለ ልጅ እያወቀ ዝም ይላል?»

«ምን ሲደረግ! ያርማል እንጂ።»

«ኢማሙን አዋረዳቸዋ?»

«አስተግፊሩላህ! አገዛቸው እንጂ እንዴት…»

ታክሲው ደርሶ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይገባሉ ወይስ ስብሰባ ላይ ነዎት?» ሲላቸው እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«ቲቸር» አሉ፣ «ነገ እኔው ራሴ አመጣታለሁ። ብቻዋን ግን አታስጨብጭቢላት።»

«ከመሐሙድ ጋር ሰሌዳው ፊት አቆማቸዋለሁ። ቤት እንደሚያደርጉት ለጓደኞቻቸው ያስረዱ።»

እንዳለችውም ሆነ። ሀኒፋ ዛሬ ወረቀቷን ሞልታ ታስረክባለች፤ መሐሙድም አብሯት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ፤ አፍረው ዝም ይሉ የነበሩ ሌሎች ልጆችም ተራ በተራ ሰሌዳው ፊት መውጣት ጀመሩ። ወላጆች ሆይ፣ ታላቅ የሚከበረው ታናሹ ሲደነቁር አይደለም! መምህራንም ዝም ያለውን ልጅ «ፍላጎት የለውም» ከማለታችሁ በፊት ለማን ብሎ ዝም እንዳለ ጠይቁ።

ጋሽ ኑረዲን ሱቅ ጎራ ስል ያቺን በርጩማ አያታለሁ። ጣቃ ጨርቅ ተከምሮባታል።