ቃል የሌለውን ጊታር የመረጡልን የአቶ ካሳ ደምሌ ዜና ሕይወት

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሕፈቴና ስለ ፊደል ግድፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህንንም የጻፍኩት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። በሰው ፊት መናገር እንደማልችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የቅሬ ዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ አራጌ ግን «የአጎትሽን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ጻፊው፣ እኔ አነበዋለሁ» ስላሉኝ እሺ አልኩ። ጋሽ አራጌ፣ አልነበብ ያለዎት ቃል ቢኖር ይዝለሉት፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ግን እንዳይዘሉብኝ እለምንዎታለሁ። ከትናንት ጀምሮ በአፌ ልናገረው እየሞከርኩ ያልሆነልኝ ነገር እዚያ አለ።

አጎቴ አቶ ካሳ ደምሌ ከአባታቸው ከአቶ ደምሌ ወልዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ሞላ በ1954 ዓ.ም. ሮቢት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቆቦ ከዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ያዙ። ሙያውን ጠንቅቀው ካወቁም በኋላ በ1984 ዓ.ም. የራሳቸውን የብስክሌት ማከራያ እዚሁ ቆቦ ከፈቱ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መሀል በእሳቸው ብስክሌት መንዳት ያልተማረ፣ በእሳቸውም በር ላይ ወድቆ ጉልበቱን ያልተላጠ ጥቂት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋዬ ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አማኑኤልንና ማርታን አፈሩ። እኔም አባቴ፣ የእሳቸው ታናሽ ወንድም፣ ሲሞት በ2005 ዓ.ም. ከሮቢት አምጥተው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳድገውኛል።

ባጃጅ ወደ ከተማችን ሲገባ ብስክሌት የሚከራይ ሰው ጠፋና ስምንቱ ብስክሌቶች ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። በ2003 ዓ.ም. እትዬ ሸዋዬ ስኳር ተገኝቶባቸው ሐኪሙ በየቀኑ ስፖርት እንዲሠሩ ሲያዛቸው፣ «በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ላይ ልሩጥ? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው እምቢ አሉ። አጎቴ አልተከራከሩም። አንዱን ብስክሌት ብየዳ ቤት ወስደው የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ በብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጡት፤ ፔዳሉ እንዲከብድም ከአሮጌ ጎማ የቆረጡትን ላስቲክ ጎማው ላይ አሳረፉበትና ለሚስታቸው ጓዳ አስገቡላቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ የሻረግ አይታ «ለእኔስ?» አለች። ሌላዋ ጎረቤታችን ኡሙሃኒም አማቷን ይዛ መጣች። ዓመት ሳይሞላ ስምንቱም ብስክሌቶች በብረት ላይ ወጡ። ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ አጎቴ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ይነዱ ነበር። ሰው ቤቱን «የማይሄደው ብስክሌት ቤት» ብሎ ሲቀልድ የሻረግ ግን ላቧን እየጠረገች ትወጣና «ዋጃ ደርሰን ተመለስን፤ እናንተ ገና ከአልጋ አልወረዳችሁም» ትላቸው ነበር።

አጎቴን ያስቸገራቸው ዘፈኑ ነበር። ያለ ሙዚቃ እግር ቶሎ ይሰለቻል። ሬዲዮ ቢከፍቱ ዜና ሲጀምር ሁሉም ፔዳሉን አቁሞ ያዳምጣል። የፍቅር ዘፈን ቢያስገቡ ኡሙሃኒ «ጋሽ ካሳ፣ አማቴ አጠገቤ ተቀምጣ ይህ ሰውዬ ስለ ከንፈር ሲያወራ እኔ የት ልግባ?» ብላ በመሐረቧ ፊቷን ሸፈነች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጿሚዎቹ ዘፈን አንሰማም ብለው ቀሩና እትዬ ሸዋዬ ብቻቸውን ሆኑ። ያን ጊዜ ነው አጎቴ ቃል የሌለው ሙዚቃ ፍለጋ የተነሡት። ማሲንቆ ሞከሩ፤ ሴቶቹ መንዳቱን ትተው መተከዝ ጀመሩ። ክራርም ሞከሩ፤ ቀጭን ስለሆነ በስምንት ጎማ ጩኸት ተዋጠ። ከዚያ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው አህመድ ጊታር ብቻ የሚሰማበት አንድ ሙዚቃ ሰጣቸው። በማግሥቱ የማንም እግር አልቆመም። የሻረግ «ካልዘፈኑበት ዘፈን አይደለም፤ የነፍስ አባቴም ካልጠየቁኝ አልነግራቸውም» ብላ በጾሙም ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የአጎቴ ትልቁ ሥራ ጊታር መምረጥ ሆነ። ወደ ጎብዬም ወደ ዋጃም ሄደው፣ ሹፌሮችንም ለምነው ያሰባስቡ ነበር። አህመድ «ጋሽ ካሳ፣ ዘፋኝ የሌለበት ዘፈን የሚፈልግ ደንበኛ እርስዎ ብቻ ነዎት» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ያገኙትን ሁሉ መጀመሪያ ራሳቸው ይነዱበታል፤ ከተማው ሙቀት ሸሽቶ በተኛበት ቀትር እሳቸው ብስክሌት ላይ ወጥተው፣ ጊታሩ መሀል ላይ የሚፈዝ ከሆነ ያጠፉታል፣ ከእግር ጋር ከገጠመ ያስቀሩታል። ሙዚቃዎቹ ሜሞሪው ላይ ከቁጥር በቀር ስም ስላልነበራቸው ከየሻረግ ቀልድ ተነሥተው የመንገድ ስም አወጡላቸው። ቀላሉ የዋጃ ሜዳ፣ ከባዱ የግራ ካሱ ዳገት ተባለ። እኔ በመጣሁ ጊዜ ሰው እንደማፍር አይተው ጥግ ላይ ቴፑ አጠገብ አስቀመጡኝና ቀስ በቀስ ሙዚቃ መቀየሩን አስተማሩኝ። «እግራቸውን እይ፤ ፊታቸውን አትይ፣ ሰው ሲደክመውም ይስቃል» ይሉኝ ነበር። በሕይወቴ ጎበዝ ነሽ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ሲመረመሩ ልባቸው መድከሙ ተነገራቸውና መድኃኒት ይዘው፣ ብስክሌት እንዳይነኩ ተከልክለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ አልረዳቸውም። እግራቸው አበጠ። የሻረግ ጠበል ታመጣ ነበር፤ ኡሙሃኒ ዱዓ ታስደርግላቸው ነበር፤ አማኑኤል ከወልዲያ ሌላ መድኃኒት አመጣ፤ እትዬ ሸዋዬ ሌት ተቀን ትራስ ከትራስ ላይ ይደርቡላቸው ነበር። እኔ ምንም የማመጣው አልነበረኝም፤ ቆሜ ማየት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ስፖርቱ እንዳይቆም አዘዙ። አልጋቸው ከስፖርት ክፍሉ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን ተኝተው ያዳምጡን ነበር፤ ድምፃቸውም ስለደከመ፣ የመረጥኩት ካልተስማማቸው ግድግዳውን በጣታቸው እንዲያንኳኩ፣ እኔም እንድቀይር ተነጋገርን። ሳያንኳኩ የዋሉ ቀን ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ግንቦት 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አቶ ካሳ ሃያ አምስት ዓመት እንደ እረኛ የጠበቋቸውን ብስክሌቶች፣ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋዬን፣ ልጆቻቸውን አማኑኤልንና ማርታን፣ በየጠዋቱ ይጠብቋቸው የነበሩትን ጎረቤቶቻቸውን፣ እኔንም ራሔልን ትተውን ሄደዋል። ትንፋሽ ላጠራቸው አጎቴ እግዚአብሔር የማያልቅ ዕረፍት ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ እኛንም ያጽናን።

ጋሽ አራጌ፣ የለመንኩዎት መስመሮች እነዚህ ናቸው። እትዬ ሸዋዬ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «በእንቅልፉ ነው የሄደው፤ አልተጨነቀም» እያሉ ይናገራሉ፤ ሰውም «ተመስገን» ይላቸዋል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። እትዬ፣ በእንቅልፋቸው አልሄዱም። ጠርተውኝ ነበር። እርስዎ ኪዳን ሊያስደርሱ ሄደው፣ እኛ ስፖርት ላይ ሳለን ግድግዳውን አንኳኩ። ሙዚቃው አልተስማማቸውም ብዬ ቀየርኩት። ወዲያው ደግመው አንኳኩ። ዳገቱ ሰልችቷቸው ይሆናል ብዬ ሜዳ አደረግኩት። ሦስተኛ ሲያንኳኩ በጣም ቀስ ያለ ነበር። ሴቶቹ እየነዱ ስለሆነ በመሀላቸው ማለፍ አፈርኩ፤ ገብቼ አላየኋቸውም። አህመድ ሰሞኑን ያመጣውን አዲስ ጊታር ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ አላንኳኩም። ይሄኛውን ወደዱት ብዬ ድምፁን ጨመርኩት።