የእትዬ መቀስ አቋቋም ዳግመኛ ሲለካ

እትዬ መቀስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከታናሽ እህታቸው ጋር ድንገት ባይገናኙ ኖሮ፣ ያን ቀን ደማቸው ባልፈላ ነበር። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ይቆርጣል።

«እትዬ፣ ተለክቼ መውጣቴ ነው» አለች ታናሽ ፊቷ በርቶ። «ሠላሳ አምስት! አንቺስ ባለፈው ስንት ነበርሽ?»

«ረሳሁት» አሉ።

አልረሱም። ሰባ አንድ ነበር። የአቋቋም መለኪያው ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ሴኮንድ ሲቆሙ፣ ሰውነታቸው ወዲያና ወዲህ የተወዛወዘውን ሁሉ መሣሪያው በሴንቲ ሜትር ደምሮ ያወጣው ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን አቋቋም ጸና ማለት ነው። ደረጃ ላይ ወድቀው ስለነበር ልጃቸው፣ «ሁለተኛውም ልኬት እንዲህ ከሆነ ከፎቅ ወርደሽ ምድር ቤት አክስቴ ዘንድ ትኖሪያለሽ» ብሏቸዋል። የስፌት መኪናቸውንና መስኮታቸውን ትተው እህታቸው ቤት! በልጅነታቸው ሰው ቁመናዋን የሚያደንቅላት ታናሽ ነበረች። አሁን ደግሞ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በመቆምም ልትበልጣቸው ነው።

እህታቸውን ደጅ ትተው በቅናት ወደ መለኪያው ክፍል ዘው አሉ። ባለሙያዋ የዚያችው የእህታቸው ልጅ ናት።

«ለእናትሽ አዳልተሻል!»

«መጀመሪያ ሰላም ይበሉኝ እንጂ፣ አክስቴ።»

«ሰላም ከየት ይምጣ? እኔ ሰባ አንድ፣ እሷ ሠላሳ አምስት! ቆሜ መርፌ ላይ ክር የማስገባ ሴት ነኝ። የምወዛወዝ ብሆን ክሩ ይገባ ነበር?»

«መርፌው የእጅዎንና የዐይንዎን ነገር ነው የሚናገረው። መጀመሪያ የተለኩ ቀን እኔ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። እንዴት ቆመው ነው የለኩዎት?»

«እንደ ሰው ነዋ! ጫማዬን አድርጌ። ተራ ከምትጠብቀው ሴትዮ ጋር እየተጫወትኩ። የቀሚሷ ጫፍ ጠማማ ነበር፤ አይቼ ዝም ልበል?»

«ስንት ጊዜ ለኩዎት?»

«አንዴ። ሰው ስንቴ ይለካል?»

ልጅቷ ወንበር አቀረበችላቸው። «እርስዎ የቀሚስ ጫፍ ሲለኩ ደንበኛዎ እንዴት ትቆማለች?»

«ቀጥ ብላ፣ ፊት ለፊት እያየች። ጎንበስ ካለች ከኋላ ያጥራል። ካወራች ጠመኔዬ ይስታል። ባለፈው ያደረገችውን ጫማ ካላደረገች ደግሞ መልሼ እሰዳታለሁ!»

«ለጫማ ብለው?»

«ታዲያ የዛሬው ልክ ካለፈው ጋር በምን ይገናኛል? አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ስትሠሪ…» አሉና ወደ ገዛ ጫማቸው አዩ።

ሰው በገዛ ሙያው የሚጠነቀቅበትን ነገር በሌላው ሙያ ላይ እንደ ዋዛ ያየዋል። እትዬ መቀስም እንዲያ ሆኑ። ቢሆንም እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«እናትሽ ግን እንዴት ቆመች?»

«በባዶ እግሯ፣ ሦስት ጊዜ፣ አፏን ዘግታ።»

«እሷ አፏን ዘጋች? ምነው ባየሁ!»

ልጅቷ እየሳቀች በሩን ዘጋች። ሰሌዳው ላይ ወረቀት ዘርግታ ባዶ እግራቸውን አቆመችና ዙሪያውን በእስክሪብቶ ነደፈች፤ በሌላ ቀንም እዚያው ላይ እንዲቆሙ። ግድግዳው ላይ፣ በዐይናቸው ልክ፣ ጥቁር ነጥብ አሳየቻቸው። «እጅ ወደ ታች፣ ዐይን ነጥቡ ላይ።»

የመጀመሪያው ስድሳ ሦስት ወጣ።

«ትንፋሽዎን ይዘው ነበር?»

«እሷን ልደርስባት ነዋ።»

«ይሄ አይቆጠርም። እንደ ልማድዎ ይቁሙ።»

ቀጥሎ አርባ አራት፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት መጣ፤ መካከለኛው አርባ ሦስት ተመዘገበ። ልጅቷ ከጎናቸው ተጠግታ ዐይናቸውን አስጨፈነቻቸው። ወለሉ የከዳቸው መሰላቸው፤ ክንዷን ጨብጠው ቀሩ። ደጋግመው ቢሞክሩትም ቁጥሩ ከዘጠና አልወረደም።

«አክስቴ፣ ቀጥ አድርጎ የሚያቆምዎ ዐይንዎ ነው። ሲወድቁ ደረጃው ጨለማ ነበር?»

«መብራቱ ተቃጥሎ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ይህን ለልጃቸው እንኳ አልነገሩትም። «እንግዲህ ከፎቅ ልወርድ ነው?»

«ይውረዱ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ደረጃው ላይ መብራትና የእጅ መደገፊያ ይግባ። ስድስት ሳምንት እናለማምድዎ፤ ከዚያ በዚሁ ወረቀት ላይ፣ በዚሁ ሰዓት እለካዎታለሁ።»

«አርባ ሦስት ግን ከሠላሳ አምስት ይበልጣል።»

«እናቴ ሌላ ሰው ናት፤ ቁመቷም ዕድሜዋም ሌላ። የእርስዎ ቁጥር የሚነጻጸረው ከራስዎ ጋር ነው። በግዴለሽነት የተለካ ቁጥር ግን ጤነኛውን ከቤቱ ያስወጣል፣ የሚወድቀውንም ደህና ነህ ብሎ ያታልላል።»

እትዬ መቀስ ጫማቸውን አጠለቁ። በተዝረከረከ ልኬት ቤታቸውን ሊያጡ ነበር፤ በደህናው ልኬት ቤታቸውም ተረፈ፣ የወደቁበትም ምክንያት ታወቀ።

ታናሽ ደጅ አግዳሚው ላይ ትጠብቃቸው ነበር። «እሺ፣ ስንት?»

«አርባ ሦስት። ዐይኔን ስጨፍን ዘጠና አራት። አንቺስ ስትጨፍኚ?»

ታናሽ ወደ መሬት አየች። «መቶ አሥራ ሁለት። እሱን ምን ብዬ ላውራው?»

እትዬ መቀስ ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር። ወዲያው ግን ያቺን ሠላሳ አምስት ብቻ ለሰው ሁሉ እያወራች በጨለማ የምትመላለስ እህታቸው ታየቻቸው።

«ነይ፣ ክንዴን ያዢ» አሉ። «ምድር ቤትም ቢሆን ይጨልማል። ልጄ ለእኔ መብራት ሲያስገባ፣ ያንቺንም ኮሪደር ሳያበራ እንዳይመለስ እነግረዋለሁ።»